ካርዱ ተቀየረ፣ ጨዋታው ግን ያው ነው

ሳንጃ ላይ ጌም ቤት የከፈተ አንድ ወጣት እናስብ። ሁለት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች፣ ሁለት ስክሪኖች፣ አራት ጆይስቲክ አለው። ደንበኞቹ ተማሪዎችና የሰሊጥ ሥራ ጋብ ሲል ብቅ የሚሉ ወጣቶች ናቸው። ጨዋታው እየተቆራረጠ ሲያናድዳቸው ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ። ልጁ ያጠራቀማትን ብር ቋጥሮ ጎንደር ወጣና ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ተመለሰ። ገጠመው፤ አስነሳው። ጨዋታው አሁንም ይንቀራፈፋል። አንዳንዴ እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል።

ስልክ ተደወለ። ሻጩ «ካርዱ ሰላም ነው፣ ኮምፒዩተርህን አስፈትሽ» ይላል። ልጁ «ተበላሁ» ይላል። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አርፏል።

ልጁ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ታሪኩ ግን ያገለገለ ኮምፒዩተር በሚሸጥበት ከተማ ሁሉ የተለመደ ነው። ጠቡ በካርዱ ላይ ቢነሳም ስህተቱ የተሠራው ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ነው። «የሚያንቀራፍፈው የቱ ክፍል ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ገዢው አልለካም፣ ሻጩም አልጠየቀም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጨዋታ በአንድ ዕቃ ብቻ አይሠራም። ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ምስል ያሰናዳል፣ ካርዱ ይስለዋል፣ ራሙ ያቀብላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ሁሉንም ይመግባል። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን እህል የሚያቀብለው ሰው ከዘገየ ዱቄቱ አይበዛም። ገበያችንን ያጥለቀለቁት ዴስክቶፖች በአብዛኛው ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ እንጂ ለጨዋታ አልተሠሩም። ለምሳሌ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 በትልቁ ቀፎው እንኳ የሚመጣው በ290 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። በአንጻሩ ያገለገለ ካርድ ገበያ ላይ የታወቀው አርኤክስ 580 ብቻውን እስከ 185 ዋት ይበላል፤ አምራቹም 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል።

እዚህ ላይ ነው «ችግር የለም፣ በኮንቨርተር እናስኬደዋለን» የሚባለው። ከሃርድ ዲስክ መስመር ተቀጥሎ ለካርዱ ኃይል የሚሰጠው ገመድ በልኩ ሊሸከም የሚችለው 54 ዋት ገደማ ሲሆን፣ ባለ 8 ፒኑ የካርድ መስመር ግን 150 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ውጤቱ በጨዋታ መሐል ድርግም ማለት፣ ሲከፋም የቀለጠ ገመድ ነው። እንዲህ ያለ ቢሮ ቀመስ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያለ፣ በ75 ዋት ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚመገብ ካርድ ቢመርጥ ይሻለዋል። ስሙ ያንሳል፣ ሥራው ግን ከማሽኑ ጋር ይስማማል።

ካርዱን ገዝቶ የተቸገረም ተስፋ አይቁረጥ። ሌላ ብር ከማውጣቱ በፊት በቅደም ተከተል የሚያያቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹም ገንዘብ አይጠይቁም።

1. የስክሪኑ ገመድ የተሰካው የት ነው? ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ጨዋታው በድሮው የፕሮሰሰር ግራፊክስ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው።

2. የድሮው ካርድ ድራይቨር ተነቅሏል? ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ የተሻገረ ሰው አሮጌውን ጠርጎ አዲሱን ካልጫነ ሁለቱ ይጋጫሉ። የድራይቨር ፋይል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ የኢንተርኔት መቋረጥን በደንብ የሚያውቀው የአማራ ክልል ተጠቃሚ ካርዱን ሲገዛ ድራይቨሩንም እዚያው ሱቅ በፍላሽ አስገልብጦ ቢመለስ ብልህነት ነው።

3. ቁጥሩን ማየት። ጨዋታው እየሄደ ታስክ ማናጀር ይከፈት። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ደርሶ ካርዱ 50 ላይ ከተኛ፣ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ካርድ ቢገዛም ለውጥ አይመጣም። ካርዱ 98 ወይም 99 ላይ ከሆነ ግን የአቅሙን እየሠራ ነውና የጨዋታውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም ዝቅ ብለው ጨዋታው ከተቆራረጠ ወደ ራም፣ ወደ ሙቀትና ወደ ኃይል ይኬዳል።

4. ራሙ ስንት ፍሬ ነው? አንድ ባለ 8 ጊጋ እና ሁለት ባለ 4 ጊጋ ድምራቸው እኩል ነው፣ ፍጥነታቸው ግን እኩል አይደለም። ሁለቱ በትክክለኛው ቦታ ሲሰኩ መረጃ በሁለት መስመር ያልፋል።

5. ሙቀትና አቧራ። ሳንጃ ቆላ ናት። ጎንደር ላይ በደህና የሚሠራ ማሽን እዚያ በጠባብ ክፍል ውስጥ በቆርቆሮ ሥር ሲውል ሌላ ነገር ነው። ብዙ ካርዶች ሙቀታቸው 80 ዲግሪን አልፎ ሲሄድ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አሪፍ ሄዶ ከዚያ የሚንቀራፈፍ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። አቧራ ማራገፍና የደረቀውን ፔስት መቀየር ከአዲስ ካርድ ይረክሳል።

6. ካርዱ ራሱ የተባለው ካርድ ነው? ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም በካርድ መቆፈርን ሲተው፣ ሌት ተቀን የተቀጠቀጡ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ በገፍ ፈሰዋል። ስሙ «አርኤክስ 580» ሆኖ አቅሙ ግን የ570 የሆነ ዓይነትም አለ። የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በአዲስ ስም ሲሸጥም ታይቷል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ሐሰተኞች ያጋልጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ጌም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለዚያ ልጅ ኮምፒዩተሩ መጫወቻ ሳይሆን የገቢ ምንጭ ነው። ያው ማሽን ነገ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብርበታል። ብሩም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። ካርድ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ዛሬ በስህተት የተገዛ ካርድ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚያ በፊት ከነበረው ጨምሯል ማለት ነው።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በገዢው ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው? ፕሮሰሰርህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ካርድ የሚሸጥ ነጋዴ ሕጉን በቃል ባይጥስ እንኳ መንፈሱን ረግጧል። «አይመለስም» የሚለው ማኅተምም ሳይፈተሽ ከተሸጠ ዕቃ ጋር ሲመጣ ነውር ነው። ከሳንጃ የመጣ ገዢ ተመልሶ ለመምጣት ቢያንስ ቀኑን ያቃጥላል፣ መንገድ ከተዘጋም ጭራሽ አይመጣም። ሱቁ ውስጥ ሰክቶ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማሳየት ነጋዴውን አይጎዳውም። ደንበኛ ያተርፍለታል እንጂ።

ይህ የአንድ ጌም ቤት ጠባይ ብቻ አለመሆኑም ልብ ይባል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማ ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶውና የሰፈሩ ገመድ እኩል ካልጠነከሩ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው መባሉ አይቀርም። ትልቁን ዕቃ መትከል ያስጨበጭባል፤ የሚያንቀውን ቀጭን ገመድ ፈልጎ ማግኘት ግን ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው። ልጁም ባለሥልጣኑም የሚስቱት እዚያው ላይ ነው።

የሚቀጥለው ገዢ ጎንደር ከመውጣቱ በፊት የማሽኑን ሞዴል፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና የታስክ ማናጀሩን ፎቶ በስልኩ ይያዝ። ሻጩ እነዚህን ካላየ ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።