ግማሽ ሜትር በግራ፣ ግማሽ ሜትር በቀኝ

«በዚህ ብር እኮ ሠራተኛ ትቀጥሪ ነበር።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከስድስት ሰው ሰምቻለሁ። አክስቴ በስልክ ብላኛለች፤ «አንዲት ልጅ ከገጠር ላስመጣልሽ» የሚል ጨምራበት። የቢሮ ጓደኞቼ ምሳ ላይ ብለውኛል። ሮቦት ቫኪዩሙን በቴሌግራም ሲሸጥልኝ የነበረው ልጅ ራሱ፣ ዋጋ ቀንስ ስለው፣ «እህቴ፣ ሠራተኛ ብትቀጥሪ በዓመት ከዚህ በላይ ታወጫለሽ» አለኝ። እነአክስቴ ዕቃው ውድ ነው ለማለት፣ ልጁ ደግሞ ርካሽ ነው ለማለት፣ ሁሉም ሰው አምጥተው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። አንዱም ሲከብደው አላየሁም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር የምጣላበት ነው። ለጠባብ ቤት ሮቦት ለመምረጥ የምታስቡ ካላችሁም በመንገዳችን የሚጠቅማችሁን ታገኛላችሁ፤ ሳምንታት የፈጀብኝን ነገር ደብቄ አልጣላም።

ከቤቴ ልጀምር። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስቱዲዮ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሠላሳ ካሬ የማይሞላ። ከፊት ለፊታችን ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ማታ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ሳይነስ አለብኝ። መጥረጊያ ሳነሳ አቧራው ከወለሉ ተነስቶ እኔ ውስጥ ይገባል፤ ጠርጌ ስጨርስ ለአንድ ሰዓት አስነጥሳለሁ። ስለዚህ እኔ በሌለሁበት የሚጠርግ ነገር ፈለግሁ። ይኸው ነው። ስንፍና ነው የሚል ካለ፣ እሺ፣ ስንፍናም ይሁን።

ገበያው ውስጥ መጀመሪያ የሚጮህባችሁ ቁጥር «ፓስካል» ነው። የመሳብ ኃይሉን ለመናገር 5,000፣ 10,000፣ ከዚያም በላይ እያሉ ይጽፉበታል። ፓስካል የግፊት መለኪያ እንጂ የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ወፍራም ምንጣፍ ለሌለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ለሆነ ቤት ከ2,000 እስከ 3,000 ያለው ይበቃል። ሁለተኛው ጥያቄ መንገዱን እንዴት ያገኛል የሚለው ነው። ርካሾቹ አንድ ነገር እስኪገጩ ሄደው ይዞራሉ። መሀል ላይ ያሉት በጋይሮስኮፕ መስመር ጠብቀው ይሄዳሉ። ሻል ያሉት ጭንቅላታቸው ላይ በምትሽከረከር ሌዘር ቤቱን ለክተው ካርታ ይሠራሉ፤ ሊዳር ይሏታል። ሊዳር በጨለማም ይሠራል፣ ግን ቁመት ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ከመግዛታችሁ በፊት የአልጋና የሶፋችሁን ሥር ለኩ። ስፋታቸው ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በወንበር እግሮች መካከል ያን ያህል ክፍተት ካላገኘ ዙሪያውን ዞሮ ይሄዳል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያለፈ ደፍ የሚወጡት ጥቂት ናቸው።

ቆሻሻውን ራሱ የሚያራግፍበት ትልቅ ጣቢያ ያለው ለጠባብ ቤት አያስፈልግም፤ ቦታ ይበላል፣ ከረጢት ይፈልጋል፣ ሲያራግፍም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። መወልወያ ጨርቁን ራሱ የሚያጥበው ደግሞ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ቀልድ ነው። ለቡና የምትጎዘጉዙት ቄጤማ ብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፣ የነጠላ ጫፍም እንዲሁ። ማጣሪያውና ብሩሹ በየጥቂት ወሩ ስለሚቀየሩ መለዋወጫ የሚገኝለትን ምረጡ።

ካሜራ ያለውን ግን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት እንዳጋለጠው፣ በሙከራ ላይ የነበሩ የሩምባ ማሽኖች ያነሷቸው ፎቶዎች፣ አንዲት ሴት መጸዳጃ ላይ ተቀምጣ የሚያሳየውን ጨምሮ፣ ምስሎቹን እንዲለዩ በሩቅ አገር በተቀጠሩ ሠራተኞች በኩል አፈትልከው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥተዋል። ኩባንያው ማሽኖቹ ለገበያ የቀረቡት ዓይነት አይደሉም፣ ሞካሪዎቹም ተስማምተዋል አለ። ይሁን። እኔ ግን መኝታዬም፣ ሳሎኔም፣ ልብስ መቀየሪያዬም አንድ ክፍል ነው።

ይህን እያሰብኩ ነበር ሌላው ነገር የመጣብኝ። ከማሽን ዓይን እንዲህ የምንሸሽ ሰዎች፣ ቤታችን የምትሠራ ልጅ ፊት ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ እሷ ስለ ራሷ ሳይቀር ጆሮ እንደሌላት አድርገን እናወራለን። የምንፈራው ሰው የሚያየንን ነው። እሷን ሰው ብለን አልቆጠርናትም ማለት ነው።

ልገዛ ስወስን ሻጩ መመሪያውን ላከልኝ። ማረፊያውን የሚመለከተው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ፤ በግራ ግማሽ ሜትር፣ በቀኝ ግማሽ ሜትር፣ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ባትሪው ሲደክም ሥራውን አቋርጦ ይመለሳል፣ ሳይሞላም አይወጣም። አንድ ነገር ከያዘው ይቆምና ድምፅ አውጥቶ እርዱኝ ይላል። ሜትር ይዤ ቤቴን ዞርኩ። ያን የሚያህል ቦታ የለም። በመጨረሻ የጫማ መደርደሪያዬን ኮሪደር አውጥቼ ቦታ ሠራሁለት።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ፣ ልክ የእኔን በሚያህል ስቱዲዮ፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ሕፃንና አንዲት ልጅ ይኖራሉ። ልጅቷ የት እንደምትተኛ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ፍራሿ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ከኩሽናው በር ጀርባ ይቆማል፤ ማታ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ይዘረጋል። በግራዋ ግማሽ ሜትር የላትም፣ በቀኟም የላትም። ሲደክማት ሥራ አቋርጣ የምትመለስበት የለም፤ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት።

ጎረቤቶቼን ላማ አይደለም። ያደግሁበት ቤት ከዚህ አይሻልም ነበር። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እኛ ቤት የምትሠራው ልጅ ከእኔ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። ስሟ ለመጥራት ይከብዳል ተብሎ ሌላ አጭር ስም ወጣላት። እኔ ዩኒፎርም ለብሼ ስወጣ እሷ አጎንብሳ ሳሎኑን ትጠርጋለች። የማታ ትምህርት ትማራለች ተብሎ ነበር የመጣችው፤ የማታው ትምህርት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀራል፣ ቤታችን ደግሞ እንግዳ የማያጣ ነበር። ደሞዟን እናቴ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ብላ ትይዝላት ነበር። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ነገሩን የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው አላስፈለገውም።

በኋላ ዓረብ አገር ሄደች ተባለ። ባለፈው ሰሞን ፌስቡክ ላይ ልፈልጋት ስልኬን አነሳሁና ጣቴ ቆመ። እውነተኛ ስሟን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ አልያዝኩትም። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ለሮቦቱ ስም አውጥቶለታል፤ «ዛሬ ደክሞታል» እያለ ቪዲዮውን ይልክልናል፣ እኛም ልብ እንለጥፍለታለን። እኛ ቤት ደግሞ የሰው ስም ነጠቅን።

«ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ከቼክ ቋንቋ የመጣ ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ነው ዓለም የተዋወቀው፤ መሠረቱ «ሮቦታ» ሲሆን ጭሰኛ ለባለ መሬቱ በግዴታ የሚሠራውን ሥራ ያመለክታል። እኛ ሁዳድ የምንለው ዓይነት። ሁዳድ ከእርሻው ቀረ፤ ከኩሽናው የቀረ አይመስለኝም።

ሕግ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት ለሚያድር ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብና ዕረፍት አሠሪው ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዝዛል። ስንት ሜትር፣ ስንት ሰዓት ግን አይልም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሌላው ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወሰነ፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ ያወጣለታል አለ። በ1996 የወጣው አዋጅም ይህንኑ ብሎ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ያው ቃል ተደገመ። ስለዚህ ቁጥር ፈልጌ ሳገኝ፣ ያገኘሁት ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከሮቦት መመሪያ ነው። ግማሽ ሜትር፣ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል።

በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ቤሩት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመርበት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው አምጥተው የቆንስላችን በር ላይ ጣሏቸው። ፎቶውን ያልተጋራ አልነበረም። እኔም ተጋርቻለሁ። ከፋላ የሚባለውን አሠራር ረገምን፣ ፓስፖርት መቀማትን አወገዝን። ልክ ነበርን። ግን ፎቶውን ስንጋራ ቡናውን ማን ነበር የሚያፈላልን? እኛ ፓስፖርት አንቀማም፤ ደሞዝ «እናጠራቅማለን»። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደሚሰነዘርብኝ ልምጣ። አንደኛው፣ «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚለው ነው። ጥሩ። ከልጆቻችሁ የትኛው ነው ምድጃ ሥር የሚተኛው? ከልጆቻችሁ የትኛው ነው እናንተ በልታችሁ እስክትነሱ ቆሞ የሚጠብቀው?

ሁለተኛው ይከብዳል፤ ከዚህች ጽሑፍ በፊትም እንቅልፍ ነስቶኛል። «አንቺ ሮቦት ስትገዢ እኮ ያቺ ልጅ እንጀራዋን አጣች» ይላል። ገጠር ያለውን ችግር በሌዘርና በብሩሽ አልፈታሁትም፤ እውነት ነው። ግን ተጠንቅቀን እንይ። ሮቦቱ ወለል ይጠርጋል፣ ሌላ ምንም አያውቅም። ወጥ አይሠራም፣ ልብስ አያጥብም፣ ልጅ አያቅፍም። ሥራ ሲለያይ የሚሰጋው መጥረግ ብቻ ነው። ሠራተኛ የምንቀጥረው ደግሞ ለመጥረግ ብቻ አይደለም፤ ጠዋትም ማታም፣ ሌሊትም ብንጠራት «አቤት» የምትል ሰው እንድትኖረን ነው። የሚገዛው ያ «አቤት» ነው፤ ርካሽ የሆነውም ሰዓቱን ማንም ስለማይቆጥረው ነው። ልጅቷ እንጀራ ማግኘት አለባት ካላችሁ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ እንግዲያው እንጀራ የሚሆን ክፈሏት። ተመላላሽ ቅጠሩ፤ ገብታ የምትወጣበት ሰዓት ይኑር፣ የዕረፍት ቀን ይኑር፣ ደሞዟ በእጇ ወይም በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ። ቤታችሁ እንድታድር ካስፈለገ፣ ሜትር አውጡና ለኩ። ለሮቦት የሚሰጠውን ቦታ ለእሷ መስጠት ካልቻላችሁ ሰው ለመቅጠር አቅማችሁ አልደረሰም። ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነ ደረሰ እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛውን ማንም አላነሳብኝም፤ እኔው ላንሳው። ሠላሳ ካሬ ቤት በመጥረጊያ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሳይነስ የሌለበት ሰው፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ሮቦትም ሠራተኛም ከማሰቡ በፊት ጎንበስ ይበል። ወንድሜ ባለፈው እሑድ መጥቶ አፑን ከስልኬ ላይ ከፍቶ «ጀምር» የሚለውን ተጫነ፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ጠረገ። ደስ ብሎት ሁለቴ አስጠረገ። ያደግንበትን ሳሎን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርጎት አያውቅም፤ እኔም ብዙ ቀን አልጠረግሁትም። ማን እንደጠረገው ነግሬያችኋለሁ።

በመጨረሻ የገዛሁት ካሜራ የሌለው፣ ሊዳር ያለው፣ ራሱን የማያራግፍ፣ 2,700 ፓስካል የሚል ነው። የመደርደሪያው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ወለሉን ከእኔ የተሻለ ይጠርጋል፤ ማዕዘን ላይ ይሰንፋል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው አይሞላም። ቄጤማ ያለበት ቀን አላስነሳውም። የሁለት ወር ተኩል ኪራይ ያህል አውጥቼበታለሁ፤ አክስቴ ልክ ናት፣ ውድ ነው። ማሽኑ ውድ የመሰለን ግን ከምን ጋር አወዳድረነው እንደሆነ ይግባን።

ትናንት አክስቴ ደወለች።

«ገዛሽው አሉ?»

«ገዛሁት።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንዴ፣» አለች፣ «በዚያች በምታህል ቤት የት ልታስቀምጪው ነው?»

ከገጠር ላስመጣልሽ ስላለችኝ ልጅ ይህን አልጠየቀችኝም ነበር።