ጸጥታና እርጋታ

ኹለት ቃላት በአነጋገራችን ውስጥ ተጎራብተው ስለሚኖሩ፣ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይጠራቸዋል። እነዚህም «ጸጥታ» እና «እርጋታ» ናቸው። ከተማው ጸጥ ብሏል ሲባል ከተማው ረግቷል የተባለ ይመስለናል፤ ተማሪው ዝም ብሏል ሲባልም ተማሪው ተስማምቷል ተብሎ ይተረጐማል። ይህ የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚህ በጎጃም ምድር የኹለቱ መምታታት የሰው ሕይወት ያስከፈለ ስለ ኾነ፣ የመጽሔታችን አንባብያን ጥቂት እንዲያስቡበት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ቃላቱን ራሳቸውን እንመርምር። ጸጥታ በጆሮ የሚለካ ነገር ነው፤ ድምፅ ከሌለ ጸጥታ አለ። ስለዚህ በውጭ የቆመ ሰው በሩን ሳያንኳኳ እንኳ በቤቱ ውስጥ ጸጥታ መኖሩን ሊመሰክር ይችላል። እርጋታ ግን የሚታወቀው ከውስጥ ነው። ቃሉ «ረጋ» ከሚለው የወጣ ሲኾን የእርጎ ወንድም ነው። እናቶቻችን ወተቱን ሳይነካኩ ያቆዩታል፤ ጊዜውን ጠብቆ ይረጋል፤ ከዚያም ይናጣል። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» የሚለውን ተረት ስንጠቅስ መርጋቱን እንጂ መናጡን አናስታውስም። ቅቤው የወጣው ወተቱ ስለ ረጋ ብቻ አይደለም፤ ከረጋ በኋላ ስለ ተናጠም ጭምር ነው። እንግዲህ እርጋታ የእንቅስቃሴ ጠላት አይደለም፤ መናጥን የሚችል ኹኔታ ነው እንጂ።

ድምፅና እርጋታ አብረው እንደሚኖሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። በጉባኤ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲቈጥር ብቻውን ገለል ይላል፤ ይህ ራሱ የመረጠው ዝምታ ነው። ቅኔውን ይዞ ወደ መምህሩ ሲቀርብ ግን ይናገራል፣ ይታረማል፣ ይከራከራል፤ ከበስተጀርባውም የታናናሾቹ ተማሪዎች ንባብ ይንጫጫል። ይህን ሁሉ ድምፅ የሰማ ማንም ሰው ጉባኤው ታውኳል አይልም። በአንጻሩ የፈተና ሰሞን ወደ ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል፤ ጸጥታው ፍጹም ነው፤ ነገር ግን ከመቶ ተማሪ መካከል ልቡ የረጋ ስንት ይገኛል?

እንዲህ ከኾነ የአገራችን የመንግሥት ቋንቋ ስለ ምን ጸጥታን መረጠ? የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ አካል በአማርኛ «የጸጥታው ምክር ቤት» ይባላል። የፈረንጆቹ ቃል ሥሩ የላቲኑ «ሴኩሪታስ» ሲኾን፣ ትርጓሜውም ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት መኖር ማለት ነው። በእነርሱ ቃል የሚጠየቀው በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ «ተጨንቀሃልን?» ይባላል። በእኛ ቃል የሚጠየቀው ግን በውጭ የቆመው ሰሚ ነው፤ «ድምፅ ይሰማሃልን?» ይባላል። ቃል ሰውን አይገዛም ይባል ይኾናል። ኾኖም ዘወትር «ጸጥታ ማስከበር» እያለ የሚናገር ባለሥልጣን፣ ሥራው ጭንቀትን ማራቅ መኾኑን ረስቶ ድምፅን ማጥፋት ብቻ ቢመስለው የሚያስገርም አይደለም።

ለዚህ የጎጃም ገበሬ ምስክር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ገበሬው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ከእጁ ይወጣል ብሎ ሠጋ። አቤቱታውን ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ የሚያረካ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ ገማቾቹን አላስገባም ብሎ በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞትና በሌላውም አውራጃ ተነሣ። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ቦምብ ከወደቀበት መንደር ድምፅ እንደማይሰማ የታወቀ ነው፤ በጆሮ ብቻ ለሚመዝን ሰው ያ ጸጥታ ነበር። ዓመፁ ግን በዚህ አልበረደም። ገበሬው የተረጋጋው ገዥው ተነሥተው፣ ግመታው ቆሞ፣ በማግሥቱም ዓመት የግብር ውዝፍ በተማረ ጊዜ ነው። አንዱን ዝምታ ያመጣው ፍርሃት ነው፤ ሌላውን ያመጣው መልስ ነው። ልዩነቱን ከዚህ በበለጠ የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አላውቅም።

ይህ ከመኾኑ ኹለት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የዚሁ አገር ልጅ ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያዩትን በግልጥ የሚናገሩት ካሳ ዳምጤ «ጉዱ ካሳ» ተብለው እንደ እብድ ይቈጠራሉ። ሌላው ሰው ዝም ስላለ ጤነኛ ይባላል። ዝምታ የጤና ምልክት በተባለበት አገር የሚናገር ሰው እብድ መባሉ የማይቀር ነው። እኛስ ዛሬ «ሆድ ይፍጀው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ነገሩ አልቋል ማለታችን አይደለም፤ እሳቱ ከአደባባይ ወደ ሆድ ተዛውሯል ማለታችን ነው።

አንዳንዱ አንባቢ ደግሞ «መጀመሪያ ጸጥታ ይገኝ፣ እርጋታው በኋላ ይመጣል» ሊል ይችላል። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። በክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያየነውን አይተናልና፣ የተኩስ ድምፅ በሚሰማበትና መንገድ በሚዘጋበት ቦታ ትምህርት እንደማይካሄድ እኛ ተማሪዎች ነጋሪ አያስፈልገንም። ነገር ግን ጸጥ ማለት የሚገባው ማን እንደ ኾነ ለይተን እንናገር። ጸጥ ማለት የሚገባው ጠመንጃ ነው፤ ከማንም እጅ ይሁን። አፍ ግን ጸጥ ባለ ቍጥር ጠመንጃ የመናገር ተራ ያገኛል። ስለዚህ አፍን ዘግቶ የተገኘ ጸጥታ ወደ እርጋታ የሚያደርስ መንገድ አይደለም፤ ከእርጋታ የሚያርቅ ነው።

ይህን ስል ጩኸትን ማወደሴ እንዳይመስል። የሌላውን ንግግር በፉጨትና በጭብጨባ የሚያቋርጥ ተማሪ ዝምታን ሰበርሁ ይላል እንጂ፣ እርሱም ሌላውን ዝም ማሰኘቱ ነው። የረጋ ሰው ምልክቱ ተቃራኒውን ሰምቶ መጨረስ መቻሉ ነው።

ነገሩን ወደ ራሳችን ጓዳ እናምጣው። በስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እጅ አይወጣም፤ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይጽፋል። አንድም ድምፅ ያልተሰማበት አዳራሽ «ሙሉ ድምፅ» ተብሎ ይመዘገባል! ከስብሰባው በኋላ ግን በመኝታ ቤትና በሻይ ቤት ሙሉው ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ መዝጋቢ የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን መሪዎችና ለተሰብሳቢው ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሰብሳቢው ተቃውሞን ብቻ ሳይኾን ድጋፍንም፣ ድምፀ ተዓቅቦንም በእጅ ያስቈጥር። ኹለተኛ፣ የተሸነፈው አሳብ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ሦስተኛ፣ ማንም አባል በተናገረው ነገር ከስብሰባ ውጭ እንዳይነቀፍ ማኅበሩ ዋስ ይኹን። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ነገ ዳኛ፣ መምህር፣ አስተዳዳሪ የምንኾነው እኛ ነን፤ በዚህች አዳራሽ ዝምታን እንደ ስምምነት መቍጠር የለመደ ሰው፣ ወረዳ ሲሰጡትም ያንኑ ይቈጥራል።