ዱር ጦም ያደረ መሬት አይደለም

ባለፈው ዓመት በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ትምህርቱን ገና የጨረሰ፣ በመልኩም በንግግሩም ደስ የሚያሰኝ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወሬ ወሬን እየሳበ ነገሩ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች ዞረና ወጣቱ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰው የሚያርሰው አጥቶ ሲንከራተት ይህን ሁሉ መሬት ለጦጣና ለቀበሮ ጦም ማሳደር ምን የሚሉት ብልኀት ነው? ይህ እኮ ፈረንጆች ለመዝናኛቸው ያመጡብን ነገር ነው። ሰው ይቅደም!» በዙሪያችን የነበሩትም ሁሉ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ዝም አልኩ። የሠርግ ቤት የክርክር ቦታ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ እንጂ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ወጣቱ የተናገረውን ቃል ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ በገዛ አፌ ተናግሬው ነበርና አፍሬ ነው። ስለዚህ ያን ቀን በልቤ ያስቀረሁትን መልስ ዛሬ ለእርሱና ለእኩዮቹ እጽፋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በተወለድኩበት መንደር በስተራስጌ ጽድና ወይራ የለበሰ ጉብታ ነበረ። ከግርጌውም በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። አንድ ዓመት የእርሻ መሬት ጠበበን ተባለና የመንደሩ ሰው ለምክር ተሰበሰበ። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተመለስኩ፣ ፊደል ቆጥሬአለሁ ብዬ የምኩራራ ጎረምሳ ነበርኩ። ተነሣሁና፣ «ይህ ደን ለጅብና ለከርከሮ መደበቂያ ከመሆን በቀር ምን ይጠቅመናል? ተመንጥሮ ይታረስ» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «ልጄ፣ ያ ደን የምንጩ ጣራ ነው። ጣራውን አፍርሰህ ቤቱ ይቀርልኛል አትበል» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ ሰውም ከእኔ ጋር ሳቀ። የተማረው ልጅ የተናገረው ነውና የእኔ ቃል ጸና።

ደኑ ተመነጠረ። ሦስት ዓመት ያህል የበቀለው ገብስ እሰይ የሚያሰኝ ነበረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ክረምት አፈሩን በየዓመቱ እየላሰ ወስዶ ጉብታውን አለት አስቀረው። ምንጩም ጥር ሳይወጣ ይደርቅ ጀመር። ዛሬ የመንደሩ ልጃገረዶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ገብሱም የለም፤ ውሃውም የለም። ሽማግሌው ሞተዋል፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አልቻልኩም። እንግዲህ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለምና ስማኝ።

ወጣቱ የተናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዱር ጦም ያደረ መሬት ነው። ሁለተኛ፣ ዱርን መጠበቅ የባዕድ ትምህርት ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ከአውሬ ይቀድማል። እያንዳንዱን በየተራው እንመልከት።

ጦም ያደረ መሬት ማለት ሥራ የፈታ መሬት ማለት ነው። ዱር ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ቶቤጎ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እንግሊዞች በባሮች ጉልበት ሸንኮራ አገዳ ያስተክሉባት ነበር። ደሴቲቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አርሶ ስኳር ማድረግ ለባለ ርስቶቹ ትልቅ ፈተና ነበረ። ሆኖም በ1776 ዓ.ም. በተራራው ጀርባ ላይ ያለው ደን እንዳይቆረጥ ሕግ ወጣ። ሶም ጄኒንስ የተባለ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ስለዚህ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ያህል ተሟግቷል። ሕጉ የወጣው ለወፎቹ ታዝኖ አይደለም፤ ለመዝናኛም አይደለም። ደኑ ከጠፋ ዝናሙ ይጠፋል፣ ዝናሙ ከጠፋ አገዳው ይደርቃል ተብሎ ነው። ወገኑን በባርነት የሚገዛ፣ ከትርፍ በቀር ሌላ የማያይ ሰው እንኳ ይህን ያህል ከገባው፣ ለወገናችን እናስባለን የምንል እኛ እንዴት ይሰወርብናል?

ወደ አገራችን ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። የባሌ ተራሮች በቆላ ለሚኖር ለብዙ ሚሊዮን ሰው የውሃ ጎተራ ናቸው። የዋቢ ሸበሌና የገናሌ ውሃ ከዚያ ከፍታ እየተጠራቀመ እስከ ሶማሊያ ሜዳ ድረስ ይወርዳል። በሳነቴ አምባ ላይ ጅባራና አስታ ብቻ አይቶ «ባዶ ነው» የሚል ሰው፣ ጎተራ ከውጭ አይቶ እህል የለበትም እንደሚል ሰው ነው።

ደግሞም የአውሬው ብዛትና ዓይነት ለጌጥ የተቀመጠ አይምሰልህ። በአሜሪካ «ዬሎውስቶን» የሚባለው ፓርክ በ1872 ዓ.ም. በሕግ ሲከለል በዓለም ላይ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነበረ። ነገር ግን ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተኩላ ክፉ አውሬ ነው ብለው እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ገድለው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ አጋዘኑ ያለ ልክ ተራብቶ በወንዝ ዳር ያለውን ለጋ ዛፍ ሁሉ ጋጠው። ሰባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ስሕተቱን ስላመኑ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ሠላሳ አንድ ተኩላዎች ከካናዳ አምጥተው ለቀቁ። የአጋዘኑ ቁጥር ቀነሰ፤ በየስፍራውም ቁጥቋጦው ማንሠራራት ጀመረ። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ዛሬም እንደሚሉት ሁሉም እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ማጥፋት በአንድ ጥይት ነው፤ መመለስ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ብትለኝ፣ በየማለዳው የምትጠጣውን ቡና አስብ። በ1869 ዓ.ም. ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው በሴሎን ደሴት የቡና ቅጠል ዋግ ተነሣ። የደሴቲቱ ቡና ዘሩ አንድ ዓይነት፣ እርሻውም የተያያዘ ስለ ነበረ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ሀብት ጠፋ፤ ገበሬዎቹም ቡናውን ትተው ወደ ሻይ ዞሩ። ታዲያ በየዓለሙ የሚተከለው የአረቢካ ቡና አባቱ ማን ነው? በከፋ፣ በያዩና በሐረና ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው የእኛ የዱር ቡና ነው። በዚያ ጫካ ያለው የቡና ዘር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ በሽታን ይችላል፣ ሌላው ድርቅን ይችላል። ነገ ክፉ በሽታ በተነሣ ጊዜ መድኀኒቱ የሚፈለገው ከዚያ ነው። ከፋና ያዩ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፈው እንዲጠበቁ የተደረገውም ይህንኑ የዘር ጎተራ በማሰብ ጭምር ነው። የዘር እህሉን በልቶ የሚጨርስ ገበሬ ሰነፍ ከተባለ፣ ጫካውን መንጥሮ የሚጨርስስ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ቃል ዱርን መጠበቅ የባዕድ ትምህርት ነው የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የአያቱን ታሪክ አያውቅም። በመንዝ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር አለ። የአገሬው ሰው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ራሱ ሲጠብቀው ኖሯል። ከመካከሉ አለቃ መርጦ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ማንም እንዳያጭደው፣ ከብትም እንዳይገባበት፣ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋው ነበር። ሣሩ በደረሰ ጊዜ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም በልኩ ያጭዳል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። የጣሰም ይቀጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከዚያ ምድር እስከ ዛሬ ያልጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1975 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የቄሮ ሥርዐት ቢፈርስም፣ የመንዝ ገበሬ ጓሳን አልተወውም፤ በአዲስ ደንብና በአዲስ ኮሚቴ ጥበቃውን ቀጠለ። እንግዲህ የመንዝ ገበሬ ይህን ሥርዐት ሲያቆም «ዬሎውስቶን» ሊከለል ገና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ማን ከማን ተማረ?

በየደብሩ ዙሪያ ያለውንም ደን ተመልከት። በደቡብ ጎንደር አገሩ ሁሉ ተራቁቶ ሳለ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ቦታ ነው። በኮንጎም ቪሩንጋ የሚባለውን፣ በ1925 ዓ.ም. የተመሠረተውን በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ ሲጠብቁ ከሁለት መቶ በላይ ጠባቂዎች ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። አብዛኞቹ ፈረንጆች አይደሉም፤ የዚያው የኮንጎ ልጆች ናቸው። ሰው ለባዕድ መዝናኛ ብሎ ደሙን አያፈስም።

ሦስተኛው ቃል «ሰው ይቅደም» የሚለው ነው። ይህን ቃል እኔም እቀበለዋለሁ፤ የሚቀበለውንም ሰው አልነቅፍም። በዱር ጥበቃ ስም በሰው ላይ ግፍ ተሠርቷልና። ከ«ዬሎውስቶን» ምድር ሾሾኒን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች የአባቶቻቸውን ማደኛ እንዲለቁ ተደርገዋል። በእኛም አገር በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ከእርሻው ተነቅሎ በከተማ ኑሮን እንደ አዲስ መጀመር ለገበሬ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የዚያን ሰው ኑሮ ሳያዩ ስለ ዋልያ ብቻ የሚያለቅሱ ሰዎች ፍርዳቸው ጎደሎ ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ስለዚህ ዱሩ ይጥፋ» የሚል አይደለም። «ስለዚህ ዱሩን ከባለቤቱ ጋር ጠብቅ» የሚል ነው። ጓሳ የቆየው አጥር ስላለው አይደለም፤ ሣሩን የሚያጭደው ሰው ራሱ ጠባቂው ስለ ሆነ ነው። ይህ የጎደለ ጊዜ የሚሆነውን በኦማን አይተናል። በዓረብ ምድር የነበረው፣ የእኛ ሳላ ዘመድ የሆነው ነጭ አውሬ በ1972 ዓ.ም. ከዱር ጨርሶ ጠፋ። አስቀድመው ጥቂቶቹን ይዘው በማርባታቸው በ1982 ዓ.ም. ወደ ኦማን በረሃ መለሱት፤ በ1996 ዓ.ም. 450 ደረሰ። ዓለም አጨበጨበ፤ ስፍራውም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያም አዳኞች በድብቅ ጨፈጨፉት፤ መንግሥቱም ነዳጅ አገኘሁ ብሎ ከክልሉ ከመቶው ዘጠና እጅ ቀነሰ። በ2007 ዓ.ም. የቀረው 65 ብቻ ነበረ፤ ስፍራውም ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሠረዘ። ከመዝገቡ በመሠረዝ የመጀመሪያው እርሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ በወረቀት አትታለል። በ2022 ዓ.ም. መንግሥታት በሞንትሪያል ተሰብስበው እስከ 2030 ዓ.ም. ከምድርና ከባሕር ከመቶው 30 እጅ ይጠበቅ ብለው ተስማምተዋል። በ2024 ዓ.ም. በተቆጠረው መሠረት ከየብስ የተከለለው ከመቶው 17 እጅ ያህል ነበረ፤ ከባሕር ግን ከ9 እጅ አያልፍም ነበር። ቁጥሩ ቢሞላ እሰይ ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ ተሠምሮ በልብ ያልተሠመረ ድንበር አንድ ዋልያ እንኳ አያድንም። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር መኖሪያ የለውም፤ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ጠቅላላው 500 አይሞላም። እነዚህ በእኛ ዘመን ቢጠፉ፣ ልጆቻችን ከየትኛው አገር ገዝተው ሊያመጡልን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አንተም በአንድ ስብሰባ ላይ ትቀመጣለህ፤ የተማርክ ነህና ቃልህ ይሰማል። «ይህ ዱር ይመንጠር» የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ እጅህን ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የምንጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? በዚህ ካለው ሕይወት በሌላ ስፍራ የማይገኘው የትኛው ነው? ትርፉን የሚበላው ማን ነው፣ ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ዱሩ ይጠበቅ የተባለም እንደ ሆነ አራተኛ ጥያቄ ጨምር፤ በአጠገቡ የሚኖረው ድኻ ከጥበቃው ምን ያገኛል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ቢጮኽም አትከተለው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ ሰው እንዲህ ሲል ግን ያሳፍራል።

እኔ እነዚህን ጥያቄዎች በሃያ ዓመቴ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የመንደሬ ምንጭ ዛሬም ይፈልቅ ነበር። በሠርጉ ድንኳን ያገኘሁህ ወጣት ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ እጅህ ቢገባ በዚያ ቀን ዝም ስላልኩህ ይቅር በለኝ። እኔ ሽማግሌው ሲናገሩኝ ሳቅሁ፤ አንተ ግን አትሳቅ።