የጎጃም ሕፃን ንባብና ከባሕር ማዶ የመጣ ሰዓት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ማልዶ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የሚሰማውን የሕፃናት ድምፅ ያውቀዋል። አንዱ ፊደል ይቈጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ይላል፤ ከፍ ያለው መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ያዜማል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ አንዲት ፊደል የተሳተች እንደ ሆነ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ለይተው «መልስ!» ይላሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ጉዳይ ከእኒህ አድማጭ ይጀምራል፤ ይኸውም የልጆቻችንን ትምህርት መርምሮ ዕውቀት የሚያወጣው ማን ነው፣ ዕውቀቱስ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

በ2002 ዓ.ም. ሌላ አድማጭ መጣ። በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ በዩኤስኤይድ ገንዘብና አር ቲ አይ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ባለሙያነት፣ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ንባብ ተመዘነ። አማርኛም ከስድስቱ አንዱ ነበር። አመዛዘኑ ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ በስድሳ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ፊደልና ስንት ቃል እንዳነበበ ይቈጠራል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተገለጠ። ይህን ቍጥር ልንክድ አንነሣም። ያስደነግጣል፤ ማስደንገጡም ጠቅሟል፤ ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ ገና እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆኗል።

ጥያቄው ግን ከሌላ አገር የንባብ ጥናት ተወልዶ የመጣ ነው። የእንግሊዝ ልጅ 26 ፊደል ይማራል፤ የእኛ ልጅ 33ቱን በሰባት መልክ፣ 231 አድርጎ ይማራል። ባለሙያዎቹ ይህን አልሳቱም፤ ለፊደላችን የሚስማማ ወረቀት አዘጋጅተዋል። ቢሆንም «በደቂቃ ስንት?» ከማለት በፊት ይህን ፊደል ለሕፃን ማስተማርን ሥራዬ ብሎ የኖረውን ሰው መጠየቅ በተገባ ነበር። የኔታ መልስ አላቸውና። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ሕፃን ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ አቡጊዳ ሲመጣበት ግን ቅደም ተከተሉ ይበጠበጥና ያወቀውና ያላወቀው ይለያል። ከዚያም ቍጥር ንባብ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ እያለ ወደ ቁም ንባብ ይወጣል፤ እዚያም ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን ለይቶ ማንበብ ይጠበቅበታል። ፊደልን ከማወቅ ወደ ቅልጥፍና የሚያደርስ በደረጃ የተሠራ መሰላል ነው። ይህ የንባብ ጥናት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

በእርግጥ የኔታን ማመስገን ብቻ አይበቃም። ዳዊት የደገመው ልጅ የደገመውን ትርጕም አያውቅም ይሆናል፤ አለንጋውንም የቀመሰ ያስታውሰዋል። እኛ የምንለው ዘዴው ከነጕድለቱ ይመዘን ነው።

የሚመዝን ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ዩኔስኮ እንደሚዘግበው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ከዓለም ሕዝብ ሰባት አንድ እጅ ያህል ሲሆን፣ በዓለም ለምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ድርሻው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ገንዘብ ያለው ይጠይቃል፤ የሌለው ይጠየቃል። ጠያቂው የሄደ ጊዜስ? በ2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት የዩኤስኤይድን ገንዘብ አቆመ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ሰዓቱን የያዘው እጅ ሰዓቱን ይዞ ሄደ። ይህ የሆነው በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የልጆቻችን ንባብ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረ ማወቅ እጅግ በሚያስፈልገን ሰዓት ነው።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የቋንቋው ነገር አለ። በ1962 ዓ.ም. ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ ስለ ጥንታዊው የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት በአማርኛ ጻፉ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ሥራ በመንግሥቱ ለማ ተተርጕሞ በእንግሊዝኛ ኒው ዮርክ ታተመ። በውጭ ጥናቶች ግርጌ ሲጠቀስ የምናየው ሁለተኛው ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ1948 ዓ.ም. የጎጃሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የሚል መጽሐፍ አውጥተው ነበር። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ የውጭውንም ዓለም አይተው፣ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ስለ ትምህርት በአማርኛ ማሰብ የማይቻል ነገር አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በማዕርግ ከፍ እንዲል በታወቀ መጽሔት፣ ይኸውም በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት፤ ስለ ማቻከል ወይም ስለ አዋበል ትምህርት ቤት የጻፈው ነገር ባሕር ተሻግሮ ሲነበብ፣ ከቢሮው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ላለው አስተማሪ አይደርስም።

እኛም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሠራነው ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ንባብ ላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ጻፍነው፤ አስጠረዝነው፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከጊዜ በኋላ ክፍሏን ለሁለት ሳምንት የለቀቀችልንን መምህርት ገበያ ላይ አገኘናት። «ወንድሜ፣ ያ የጻፍከው ነገር ስለ እኛ ምን አለ?» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በእንግሊዝኛው መጻፍ አይቅር፤ ከዓለም ጋር የምንነጋገርበት ነውና። ነገር ግን ማንም ተማሪ ጥናቱን ሲያስረክብ፣ ለተጠናው ትምህርት ቤት የሚሰጥ ጥቂት ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ አብሮ ያስረክብ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም ዕጩ አስተማሪዎቻቸውን አንድ ክረምት ከየኔታ ዘንድ አስቀምጠው የንባቡን ደረጃዎች ያስመዝግቡ፤ የቱ ለዘመናዊው ክፍል እንደሚበጅም ራሳቸው ይፈትኑት።

ለመምህርቲቱ አራት ገጽ በአማርኛ ጽፈን ላክንላት። መልሷ በደብተር ወረቀት ተጽፎ በሳምንቱ ደረሰን። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሕተት አለ ትላለች፤ ንባባቸው ደካማ ነው ብለን ከመዘገብናቸው ልጆች ሦስቱ ፊደሉን አሳምረው ያውቃሉ፤ ዐይናቸው ታሞ ኖሯል፤ ወረቀቱን የሰጠናቸው ደግሞ ከጨለማው ጥግ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን ነበር።