«ሲስተሙ ነው» መልስ አይደለም

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ በደመወዝ በኩል ነው።

አባቴ ጉንደ ወይን ላይ ትንሽ ሱቅ አለው። የጨዉን፣ የስኳሩንና የሳሙናውን ዋጋ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አንዴ በቃሉ ይይዛል፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወረቀት ሲያገላብጥ አይውልም። ዱቤ ሲሆን ግን በቃሉ አያምንም፣ ሁሌም ደብተሩን ይገልጣል። እሱ በሌለበት እናቴ ተቀብላ ጽፋበት ሊሆን ይችላላ!

የኮምፒዩተር ኮርስ ስንወስድ «አሬይ» የሚባለው ነገር የገባኝ በዚሁ ነው። አሬይ ተመሳሳይ ዳታዎችን ሜሞሪ ላይ በተራ ደርድሮ መያዣ ነው፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው ፋይል ከመክፈት ይልቅ ከዚያው ስለሚያነብ ይፈጥናል። ጥያቄው መቼ ይጫን የሚለው ነው። አር.ፒ.ጂ. የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. የቢዝነስ ቋንቋ ሦስት ጊዜያትን ይለያል፦ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ሥራ ሊጀምር ሲል እና በሥራ ላይ እያለ።

በኔ አስተያየት የአሥራ ሦስቱ ወራት ስም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ቢጻፍ ችግር የለውም፤ ጳጉሜን ማን ይሰርዛታል? የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ሰባት እርከን ነበረው፣ ከግብር ነፃ የሆነውም እስከ 600 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ እርከኑ ስድስት ሆነ፣ ነፃው እስከ 2,000 ብር ከፍ አለ። እንግዲህ አሮጌው ሰንጠረዥ ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ የቀረበት መሥሪያ ቤት፣ በወር 2,000 ብር ከሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆርጣል። በአዲሱ ሕግ ግን አምስት ሳንቲም ሊቆረጥባት አይገባም። ለምን ብላ ብትጠይቅ «ሲስተሙ ነው» ትባላለች።

ስለዚህ ሰንጠረዡ በፋይል ይቀመጥ፤ የደመወዝ ሥራው ሲጀመር አንዴ ወደ አሬይ ይጫን። ለሺህ ሠራተኛ ሺህ ጊዜ ፋይል መክፈት አያስፈልግም። ሕጉ ሲለወጥም ኃላፊነት የተሰጠው የሂሳብ ሠራተኛ ፋይሉን ያስተካክላል እንጂ ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ፍለጋ አይንከራተትም። የሠራተኛው የብድር ቀሪ ደግሞ እንደ አባቴ ዱቤ በተፈለገ ቁጥር ከፋይሉ ይነበብ።

እኛም ነገ መቅረጸ ድምፅ ይዘን ስንወጣ «ሲስተሙ ነው» ስንባል ደብተራችንን አጥፈን አንመለስ። ሰንጠረዡን ማን አስገባው? መቼስ ታደሰ? ብለን እንጠይቅ።