ከኬፕ ታውን ጉባኤ እስከ 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ፦ የሙያ ማኅበር ለዜጋው ምን ይሰጣል?

ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት 32ኛ ጠቅላላ ጉባኤውን ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ከተማ አካሂዷል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1919 ከተመሠረተ ወዲህ ጠቅላላ ጉባኤው በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መዘግየቱ ራሱን የቻለ መነጋገሪያ ነው። ለዜጋው ግን ይበልጥ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሳይንቲስቶች ማኅበር አባል ላልሆነ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

በሀገራችን የመልሱ አንድ ክፍል በእንጦጦ ተራራ ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ዘርፉን የሚመራ የመንግሥት ተቋም አልነበረም። ለድሃ ሀገር ከዋክብትን መመልከት ቅንጦት ነው የሚለው ትችትም መሥራቾቹን ለረጅም ጊዜ ተከትሏቸዋል። ሆኖም በአብዛኛው ከግል ለጋሽ በተገኘ ገንዘብ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። መንግሥት የዘርፉን ኢንስቲትዩት ያቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ደግሞ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር መጥቃለች።

በዚያው ሳምንት፣ ሳተላይቷ ከመምጠቋ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ዓለም አቀፉ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ለየሀገሩ ያቀረበው የስያሜ መርሐ ግብር ውጤት ይፋ ሆነ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔትም «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። ኮከቡ የሚገኘው በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን ስናስታውስ ግጥጥሞሹ ፈገግ ያሰኛል።

ምርምሩና ሳተላይቱ ወደ መንግሥት ተቋም ከተሻገሩ በኋላ ለማኅበሩ የቀረው ሥራ ምንድን ነው? እንደዚህ ያሉ ማኅበራት ዓመታዊ ስብሰባ ከማካሄድና የምስክር ወረቀት ከመስጠት ያላለፈ ሕይወት ይዘው የመቅረት አደጋ አለባቸው። ኢንስቲትዩቱ ጥናት ያካሂዳል፣ መረጃ ያደራጃል፤ በየትምህርት ቤቱ ክበብ መሥርቶ ተማሪውን ቀና ብሎ ሰማይ እንዲያይ ማድረግ ግን በፈቃደኝነት የሚሠሩ አባላትን ይጠይቃል። የእንጦጦን ሰማይ እያደበዘዘ የመጣውን የአዲስ አበባ መብራት ጉዳይም ደጋግሞ ማንሳት የሚቀለው ለማኅበር ነው።

ይህ ሥራ የሚፈተንበት ቀን ቀርቧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ከሰሜን አፍሪካ እስከ የመንና ሶማሊያ የሚዘልቅ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይከሰታል። በጅዳና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ያያሉ፤ በሀገራችን ግን ግርዶሹ ከፊል ነው። ልዩነቱ ከዓይን ደኅንነት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ሙሉ ግርዶሽ በሚታይበት ስፍራ ፀሐይ ፈጽማ በተሸፈነችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል። ከፊል ግርዶሽ በሚታይበት ስፍራ ግን እንዲህ ያለች ደቂቃ ጭራሽ የለችም።

እዚህ ላይ እምብዛም የማይነሳ ችግር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበት መሰል ግርዶሽ ሲታይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ነበር። የ2019ኙም የሚውለው በክረምት ዕረፍት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ክበባት ማስተማር ያለባቸው ተማሪው ከመበተኑ በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌ ነውና ደመና ይሸፍነዋል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ደመናው ድንገት ሲገለጥ ያልተዘጋጀ ዓይን ይጎዳል።

ተራ የፀሐይ መነጽር፣ በጢስ የጠቆረ መስታወትና የራጅ ፊልም አይከላከሉም። በሳፋ ውኃ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ ማየትም እንዲሁ አደገኛ ነው። የግርዶሽ መነጽር የሚገዛ ሰው አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የተጫረ ወይም የተቀደደ ከሆነ አይጠቀምበት። መነጽር ያላገኘ ደግሞ ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ የግርዶሹን ቅርጽ ያለ ስጋት ያያል።