ሶላት ስትቆም ሰዓትህንም ከስልክህ አለያየው



ኢቃማ ተብሎ ሰፍ ሲስተካከል «ሞባይላችሁን ዝጉ» ይባላል። ይህ ማሳሰቢያ በየመስጂዳችን ዓመታት አስቆጥሯል፤ ጥሩ ሥራም ሠርቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ግን የሚያመልጠው ነገር አለ። ስማርት ዋች ያሰረ ወጣት ማሳሰቢያውን ሰምቶ የስልኩን ድምፅ ያጠፋል፣ ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ ተክቢራ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያስራል። ፋቲሓን ሳይጨርስ ቴሌግራም አንጓው ላይ ይነዝረዋል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ድምፅ የለው፣ ማንንም አይረብሽ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ችግሩ እዚያው ላይ ነው ባይ ነኝ። ስልክ በሶላት መሀል ሲጮኽ ጀመዓው ሁሉ ይሰማል። ከሰላምታ በኋላ አባቶች ዞር ብለው ያያሉ፣ ባለቤቱ ያልበዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይረሳም። ብዙዎቻችንን ያስተማረን ሀፍረት ነው። የሰዓት ንዝረት ግን የተሠራው ላንተ ብቻ እንዲሰማህ ነው። አጠገብህ ትከሻ ለትከሻ የቆመው ወንድምህ እንኳ አያውቅም። የሚቆጣህ ሰው ስለሌለ ዓመት ሙሉ በየቀኑ አምስት ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። በመካከል የተጎዳው ያንተ ኹሹዕ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአላህ በቀር የሚያይልህ የለም።

ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) በሶላት ውስጥ ስለመዞር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃቸው፣ ሸይጧን ከባሪያው ሶላት የሚሞጨልፈው ስርቆት እንደሆነ ነግረዋታል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ኢብኑል ቀይም ይህን መዞር ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ፦ የዓይንም አለ፣ የልብም አለ። ሰዓቱ ሲነዝርህ አንገትህን ላታዞር ትችላለህ። ልብህ ግን «ማን ይሆን? ያ ልጅ ብሩን ላከው ይሆን?» ብሎ ሄዷል። ኢማሙ ሩኩዕ ሲል አንተ ገና መርካቶ ነህ።

በሌላ በኩል አንዳንድ አባቶች «ይህ ዕቃ ጭራሽ መስጂድ መግባት የለበትም» ይላሉ። ከአክብሮት ጋር፣ በዚህ አልስማማም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው በሶላት መካከል ዓይናቸው ጥለቱ ላይ አረፈ። ሲጨርሱ ልብሱ ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስ አዘዙ፤ በምትኩም የእሱን ጥለት የሌለው ልብስ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ። ልብሱን ሐራም አላሉትም፣ አላቃጠሉትም። ዑለማዎች እንደሚሉት ሌላውን ልብስ የጠየቁት ስጦታው ተመለሰብኝ ብሎ አቡ ጀህም እንዳይከፋው ነው። ያደረጉት ከሶላታቸው የሚያዘናጋውን ነገር ከሰውነታቸው ማራቅ ነው። እንግዲህ የእሳቸውን ልብ አንድ ጥለት ካዘናጋ፣ በየደቂቃው የሚነዝር ዕቃ የእኛን ምን ያደርገዋል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ አብዛኛው ሰው ሰዓቱን ገዝቶ ከስልኩ ጋር ካገናኘበት ቀን ወዲህ ሴቲንጉን ከፍቶ አያየውምና። የስልክን ድምፅ ማጥፋት ሰዓቱን ዝም አያሰኘውም። በአይፎንና በአፕል ዋች እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ስልኩ ተከፍቶ እየተጠቀምክበት ሳለ መልእክቱ የሚታየው በስልኩ ነው፤ ስልኩ ሲቆለፍ ወደ ሰዓቱ ይዞራል። ስልክህን ቆልፈህ ኪስህ የምትከተው መቼ ነው? «አላሁ አክበር» ልትል ስትል አይደል?

«ብሉቱዝ አጠፋለሁ» የሚለውም ልብ ይበል። በአይፎን ከላይ ተስቦ በሚወርደው ሰሌዳ ላይ የብሉቱዝን ምልክት መንካት አፕል ዋችን አያለያየውም፤ ዋናው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ካልዘጋኸው ግንኙነቱ እንዳለ ነው። ስልኩን ሱቅ ወይም መኪና ውስጥ ትቶ የሚመጣ ደግሞ አለ። ጥሩ አስቧል። ግን ብሉቱዝ በተለምዶ የሚደርሰው 10 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ስትርቅ «ከስልክህ ተለያይቻለሁ» ለማለት ራሱን ችሎ የሚነዝር ብዙ ሰዓት አለ። ሱብሓነላህ፣ መለያየቱም መልእክት ሆነ! አንዳንዱ ተበሳጭቶ «አንፔር» የሚለውን ይጫናል። እሱ ለጊዜው ማለያየት አይደለም። አፕል ዋች አንፔር ሲደረግ ሰዓቱ ላይ ያለው ሁሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ማገናኘት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ሶላት ይህን ማን ይችላል?

ቀላሉ መንገድ ይኸውና፦ ስልክህን «ሳይለንት» ሳይሆን «ዱ ኖት ዲስተርብ» አድርገው። አይፎንም ሳምሰንግም ይህ ከሰዓታቸው ጋር አብሮ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። አንዴ ካስተካከልከው ስልኩ ዝም ሲል ሰዓቱም ዝም ይላል። ገበያችንን በሞላው ርካሽ ሰዓት ላይ ይህ ምርጫ ካጣህ ፈትተህ ኪስህ ክተተው። ለዉዱእ ስትፈታው እዚያው ማስቀረትም ይቻላል። እህቶችም ቤት ስትሰግዱ ያው ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያስታውስ ማሳሰቢያ እንኳ የለም።

የጁሙዓ ኹጥባ ነገር ከዚህም ይከብዳል። ኢማሙ ሚንበር ላይ ሳለ ጓደኛህን «ዝም በል» ማለት እንኳ ለግው ነው፤ ጠጠር የነካም ለግው ሠርቷል የሚል ሐዲስ ሙስሊም ዘግበዋል። ያ ሰው አልተናገረም፣ ማንንም አልረበሸም፤ እጁን ብቻ ነው ያጫወተው። በኹጥባ መሀል አንጓውን እያበራ መልእክት የሚያንሸራትት ወጣት ከጠጠሩ ሰው በምን ይሻላል? (ሰዓቱ ራሱ «ብዙ ተቀመጥክ፣ ተነስ» የሚልበት ጊዜም አለ። ይህ ማስታወሻ ከስልኩ ሳይሆን ከሰዓቱ የሚመጣ ስለሆነ ስልክ በማራቅ አይቆምም፤ ለብቻው ከሴቲንግ ይዘጋል።)

በእርግጥ ችግር ያለበት ሰው አለ። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ የስኳሩ መጠን ሲወርድ ሰዓቱ የሚያስጠነቅቀው፣ ተረኛ ነርስ፣ እናቱ ሆስፒታል የተኛችበት ልጅ። ለእነዚህ ዝም አሰኙት አልልም። «ዱ ኖት ዲስተርብ» ከመረጥከው ሰው የሚመጣ ጥሪ ብቻ እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ የእናትህን አስታማሚ አስገባና ሌላውን ዝጋ። ረስቶ የገባም ቢሆን ሶላቱ ውስጥ ሳለ ቢነዝረው ወይም ስልኩ ቢጮኽ፣ በአንድ ንክኪ ያጥፋው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ለሐጃ የሚደረግ ጥቂት እንቅስቃሴ ሶላትን አያበላሽም። ጀመዓው እስከ ሰላምታ ሲታመስ እያወቁ ዝም ማለት ተቅዋ አይደለም። ማጥፋት ግን አንድ ነገር ነው፣ ማንበብ ሌላ ነው። ወላሁ አዕለም።

መልሶ ማገናኘቱስ? በሱረቱል ጁሙዓ 9ኛው አንቀጽ ጥሪ ሲደረግ ንግድን እንድንተው ያዘናል፤ 10ኛው ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ይነግረናል። ስለዚህ ሪዝቁ በስልኩ የሆነ ወንድም፣ ደንበኛ የሚጠብቀው የታክሲ ሾፌርም ሆነ በኦንላይን የሚሸጥ፣ ሰዓቱን መልሶ ሲያገናኝ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አይሸማቀቅ። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። የግራ ሰላምታውን ሳይጨርስ ቀኝ እጁ ሰዓቱ ላይ የሚያርፍ ሰው በዝቷል። ሦስት ጊዜ «አስተግፊሩላህ»፣ ከዚያ 33 ተስቢሕ፣ 33 ተሕሚድ፣ 33 ተክቢር፤ ሁሉም አምስት ደቂቃ አይሞላም። የጠበቀህ መልእክት እስከዚያ የትም አይሄድም።

በየመስጂዱ ማሳሰቢያ ለምታደርጉ ወንድሞችም አንድ ልመና አለኝ፦ ከመጪው ጁሙዓ ጀምሮ «ስልካችሁን» ስትሉ «ሰዓታችሁንም» ጨምሩበት። ደግሞ ሰፍ ከተስተካከለ በኋላ አይሁን፤ ሰው ሰዓት ለመፍታት ሲጎነበስ ኢማሙ ተክቢራ ይቀድመዋል። ኢቃማ ከመባሉ በፊት ይነገር።